ዲኮደሩ ከመግባቱ በፊት፦ አሮጌ ሞዴል ሎኮሞቲቭን ወደ ዲጂታል ስለመቀየር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ዲጂታል ቁጥጥር ባልታሰበበት ዘመን ስለተሠሩ ሞዴል ሎኮሞቲቮች ነው። አንድ ሁለት ያላችሁ እንደማትጠፉ እገምታለሁ። ከባድ ናቸው። ሻሲያቸው ብረት ነው፣ ሞተራቸው ይጮኻል። ግን ብሎናቸው ተፈትቶ መልሶ ይታሰራል፣ አብዛኛው ክፍላቸውም በእጅ ይጠገናል። መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲለብሱ ማየት አልወድም። መሮጥ የሚችል ባቡር መሮጥ አለበት።

ወደ ዲጂታል መቀየር የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የቱን ዲኮደር ልግዛ?" ብሎ ነው። ዲኮደር ማለት ሎኮሞቲቩ ውስጥ የሚገባ፣ በሐዲዱ የሚመጣውን ትእዛዝ ተቀብሎ ሞተሩን የሚያዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ቦታው ግን መጨረሻ ላይ ነው። አሮጌ ሎኮሞቲቭ ላይ ዋናው ሥራ ዲኮደሩ ከመግባቱ በፊት ያለው ነው። እሱም ሞተሩን ከሐዲዱ ጋር ከሚያገናኘው ነገር ሁሉ ማላቀቅ ነው። ይህ በደንብ ከተሠራ የቀረው ሽቦ ማገናኘት ብቻ ነው። ካልተሠራ ግን የትኛውም ውድ ዲኮደር አይተርፍም።

ለምን እንደሆነ ከሥሩ እንየው።

በድሮው አሠራር መቆጣጠሪያው ወደ ሐዲዱ ከ0 እስከ 12 ቮልት ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ፣ ይልካል። ቮልቱ ሲጨምር ባቡሩ ይፈጥናል። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ሲገለበጥ ወደ ኋላ ይሄዳል። ቀላል ነው። ችግሩ ሐዲዱ ላይ ያለ ሎኮሞቲቭ ሁሉ ያንኑ ቮልት ማግኘቱ ነው። ሁሉም አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይቆማል። ሁለት ባቡር ለየብቻ ለመንዳት ሐዲዱን ክፍል በክፍል ቆርጦ ለእያንዳንዱ ማብሪያና ማጥፊያ መስጠት ያስፈልጋል። በዚህ አሠራር የምንነዳው ሐዲዱን ነው።

ከዚህ ለመውጣት ብዙ ተሞክሯል። የእንግሊዙ ሆርንቢ እ.ኤ.አ. በ1979 ዜሮ ዋን የሚባል ዲጂታል ሥርዓት አወጣ። የጀርመኑ ሜርክሊንም በ1980ዎቹ የራሱን ይዞ መጣ። የአንዱ ግን ከሌላው ጋር አይሠራም ነበር። በኋላ የጀርመኑ ሌንዝ ኩባንያ የሠራው አሠራር መነሻ ሆነና የአሜሪካው ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር በ1990ዎቹ የጋራ ደረጃ አወጣለት። ዛሬ ዲሲሲ (ዲጂታል ኮማንድ ኮንትሮል) የምንለው እሱን ነው። የአንዱን ፋብሪካ ዲኮደር በሌላው ፋብሪካ መቆጣጠሪያ የምንነዳው በዚያ ስምምነት ምክንያት ነው። ለእኔ ይህ ከቴክኖሎጂው በላይ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ፋብሪካ ሲዘጋ የእናንተ ባቡር አብሮ አይሞትም።

በዲሲሲ ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ቮልት አለ። በ1፡87 ልክ ለተሠሩት፣ ማለትም ኤች ኦ ለሚባሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ14 እስከ 15 ቮልት ይሆናል። ይህ ቮልት በሰከንድ በሺዎች ጊዜ ይገለባበጣል። መልእክቱ ያለው እያንዳንዱ ግልብጥ በሚቆይበት ጊዜ ውስጥ ነው። 58 ማይክሮሰከንድ ከቆየ "1" ነው። 100 ወይም ከዚያ በላይ ከቆየ "0" ነው። እነዚህ ተደርድረው መጀመሪያ "ተዘጋጁ" የሚል ምልክት፣ ቀጥሎ አድራሻ፣ ከዚያ ትእዛዝ፣ በመጨረሻም ስህተት መፈተሻ ይሆናሉ። ነገሩ መምህር ክፍል ውስጥ ስም እንደሚጠራው ነው። ሁሉም ዲኮደር ይሰማል፣ የሚነሳው አድራሻው የተጠራው ብቻ ነው።

ተራ ሞተር ከዚህ ሐዲድ ጋር በቀጥታ ቢገናኝ አይዞርም። ወዲያና ወዲህ እየተገፋ ይንጫጫል፣ ይግላል። ስለዚህ ዲኮደሩ መሀል ይገባል። ከሐዲዱ በሁለት ሽቦ ይቀበላል፣ ወደ ሞተሩ በሌላ ሁለት ሽቦ ይልካል። ለሞተሩ የሚሰጠውም በጣም በፍጥነት የሚበራና የሚጠፋ ዲሲ ነው። የበራበት ጊዜ ሲረዝም ሞተሩ ይፈጥናል። የሚገቡት ሁለት ሽቦዎችና የሚወጡት ሁለት ሽቦዎች መቼም፣ የትም፣ ለቅጽበትም ቢሆን መነካካት የለባቸውም።

አሮጌው ሎኮሞቲቭ የሚያስቸግረን እዚህ ላይ ነው። የዚያን ዘመን ሠሪዎች ሽቦ መቆጠብ ይፈልጉ ነበር። ሞተሩ ውስጥ ሁለት ካርቦኖች አሉ፣ ኤሌክትሪኩን ለሚዞረው ክፍል የሚያቀብሉት ማለቴ ነው። ከሁለቱ አንዱን በሞላ ወይም በቆርቆሮ ምላስ ከብረት ሻሲው ጋር ያስነኩታል። ሻሲው ደግሞ በአንድ በኩል ካሉት የብረት ጎማዎች ጋር የተገናኘ ነው። በቃ፣ ግማሹ የኤሌክትሪክ መስመር ያለ ሽቦ አለቀ። ለጊዜው ብልህ ንድፍ ነበር። እኛ ግን ይህን ሳንነካ ዲኮደር ብናስገባ፣ የዲኮደሩ የሞተር መውጫ በሻሲው በኩል ከሐዲዱ ጋር ይገናኛል። ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አይቆይም፣ ይቃጠላል። አንዳንድ ዲኮደሮች መከላከያ አላቸው። በእሱ ተማምኖ መሥራት ግን አያዋጣም።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ሎኮሞቲቩን በድሮው መቆጣጠሪያ አስኪዱት። በዲሲ የማይሄድ ባቡር በዲጂታል አይድንም። እንዲያውም ይብስበታል፣ ምክንያቱም ጎማው ለቅጽበት ከሐዲዱ ጋር ሲላቀቅ የሚቋረጠው ኃይሉ ብቻ ሳይሆን መልእክቱም ነው።

ስለዚህ ፍቱት። አሥርት ዓመታት የቆየ ግሪስ እንደ ሙጫ ይደርቃል። አክስሉ ላይ ፀጉርና የምንጣፍ ክር ይጠመጠማል። የማርሽ ጥርሶቹን በአልኮል አጽዱ፣ ፕላስቲክ የማይጎዳ ቀላል ዘይት ጠብ አድርጉ፣ ብዙ አታድርጉ። ካርቦኖቹ የሚያርፉበትን የመዳብ ክፍል፣ ኮሚውቴተሩን፣ አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጉት። በመዳቦቹ መካከል ያሉትን ቀጭን ክፍተቶች በስቴኪኒ ጥረጉ። እዚያ የሚጠራቀመው የካርቦን ዱቄት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሞተሩን ያደክመዋል፣ የሚጠጣውንም አምፔር ያበዛዋል። በዚህ ጽዳት ብቻ ነፍስ የሚዘራ ሎኮሞቲቭ ብዙ ነው።

አሁን ለኩ። መልቲሜትሩን በአምፔር አድርጋችሁ፣ በትልቁ መለኪያ ላይ፣ ከመቆጣጠሪያውና ከሐዲዱ መካከል በተከታታይ አስገቡት። 12 ቮልት ስጡና ሎኮሞቲቩን ከላይ ተጫኑት፣ ጎማው እስኪቆም ድረስ። ያን ጊዜ የሚነበበው ቁጥር ሞተሩ በጣም ሲጨናነቅ የሚጠጣው ነው። ከአንድ ሁለት ሰከንድ በላይ አትያዙት፣ ሞተሩን ታቃጥሉታላችሁ። ለኤች ኦ የሚሠሩ ብዙ ዲኮደሮች በቋሚነት 1 አምፔር አካባቢ፣ ለአጭር ጊዜ ደግሞ 2 አምፔር ያህል ይችላሉ። በ12 ቮልት የለካችሁት ቁጥር ከ1 አምፔር በታች ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ ከበለጠ ወይ ትልቅ ዲኮደር ፈልጉ፣ ወይ ሞተሩን መርምሩ። የዲጂታሉ ቮልት ከ12 ትንሽ ከፍ ስለሚል ህዳግ መተው ያስፈልጋል።

ብዙ አምፔር የሚጠጣ አሮጌ ሞተር ብዙ ጊዜ በሽታው ማግኔቱ ነው። የድሮዎቹ ማግኔቶች አልኒኮ ከሚባል ቅይጥ የተሠሩ ናቸው። አልኒኮ ማግኔት ከቦታው ሲወጣ፣ ጫፎቹን የሚያገናኝ ብረት ካልተደረገለት፣ ኃይሉን ያጣል። ደካማ ማግኔት ያለው ሞተር በፍጥነት ይዞራል ግን ጉልበት የለውም፣ አምፔርም ይበላል። በቦታው ትናንሽ የኒዮዲሚየም ማግኔቶች ቢገቡ ለውጡ ይታያል። ያው ሞተር በቀስታ ይነሳል፣ ብዙ ይጎትታል፣ የሚጠጣውም ይቀንሳል። ለአሮጌ ሞተር ከማውቀው ማሻሻያ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ቀጥሎ ያ ዋናው ሥራ፣ ሞተሩን ከሻሲው ማላቀቅ። አሠራሩ እንደ ሞተሩ ይለያያል።

የአሜሪካው አተርን በሰማያዊ ካርቶን ይሸጣቸው የነበሩትን የናፍጣ ሎኮሞቲቮች እንውሰድ። የሞተሩ ካርቦኖች ከላይና ከታች ናቸው። እያንዳንዱን በቆርቆሮ ክሊፕ የተያዘ ሞላ ይገፋዋል። የታችኛው ክሊፕ ወደ ውጭ የወጡ ምላሶች አሉት፣ እነሱም ሻሲውን ይነካሉ። የላይኛው ክሊፕ ከጎማዎቹ በሚመጣ ረጅም ቆርቆሮ ላይ ያርፋል። ሞተሩን ከላስቲክ መያዣዎቹ ጋር አውጡት። የታችኛውን ክሊፕ ስታወጡ ቀስ በሉ፣ ሞላው ይፈናጠራል፣ አንዴ ከጠፋ ደግሞ ማግኘቱ ከባድ ነው። ምላሶቹን አስተካክላችሁ ቁረጡ ወይም አጣጥፉ። ሽቦውን የምትበይዱት ክሊፑ ከሞተሩ ውጭ እያለ ነው። ሞተሩ ላይ እንዳለ ከተበየደ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያለሰልሰዋል። ከዚያ የሻሲውን ወለል ሙቀት በሚችል ቀጭን የካፕቶን ቴፕ ሸፍኑ። ናስትሮ አትጠቀሙ፤ ሲሞቅ ማጣበቂያው ይቀልጣል፣ ከቦታውም ይንሸራተታል።

የእንግሊዙ ትሪያንግ ኤክስ 04 የሚባለው ሞተር ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱን ካርቦኖች የሚገፋቸው ባለ ሁለት ክንድ አንድ ሞላ ነው። አንዱ ክንድ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ተሰክቷል። ሌላኛው ክንድ ራቁቱን ስለሆነ በዚያ በኩል ያለው ካርቦን ከሻሲው ጋር ይገናኛል። መፍትሔው ከቀጭን ሽቦ ላይ ልባሱን ገፍፎ ለሁለተኛው ክንድም ማልበስ ነው። ለዚያኛው ካርቦንም የራሱ ሽቦ ይሰጠዋል። አሥር ሳንቲሜትር የማይሞላ ፕላስቲክ ሎኮሞቲቩን ለዲጂታል አበቃው ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ በጣም ደስ ይለኛል።

በ1፡160 ልክ በተሠሩት ትናንሾቹ፣ ኤን በሚባሉት፣ ነገሩ ይከብዳል። ብዙዎቹ ሻሲያቸው ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ግራው ግማሽ ለግራ ሐዲድ፣ ቀኙ ለቀኝ፣ ሞተሩ መሀል ተጣብቆ ይቀመጣል። ለዲኮደሩ ቦታ ለማግኘት ብረቱን መሞረድ ያስፈልጋል። ሞረዱን የምታነሱት ሞተሩ ከጠረጴዛው ርቆ ሲቀመጥ ብቻ ነው። የብረት ብናኝ ማግኔት ይወዳል። አንዲት ቅንጣት ሞተር ውስጥ ከገባች ሾርት ትፈጥራለች፣ ወይም ጥርስ ትበላለች። ሞርዳችሁ ስትጨርሱ ሻሲውን እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ግጠሙት።

የሜርክሊን ባለ ሦስት ሐዲድ አሮጌ ሎኮሞቲቮች ለብቻቸው ናቸው። የሚሄዱት በኤሲ፣ ማለትም አቅጣጫው በሚቀያየር ኤሌክትሪክ ነው፤ ማግኔት ሳይሆን የመስክ ጥቅል፣ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ማግኔት የሚሆን የሽቦ ጥቅል፣ አላቸው፣ አቅጣጫ የሚቀይሩትም ከፍ ባለ የቮልት ምት ነው። ለእነሱ የተለመደው መንገድ ጥቅሉን አውጥቶ በቋሚ ማግኔት መተካት ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም የዲሲ ሞተር ይታያሉ።

የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንዱ ሐዲድ በዋናው አካል፣ ሌላው በኋላው የከሰልና የውኃ ጋሪ በኩል ይመጣል። መሀላቸው ያለው ማገናኛ ዘንግ ራሱ ኤሌክትሪክ ተሸካሚ ነው። ዘንጉ ዝገት ሲይዝ ባቡሩ ይንገጫገጫል። እሱን ከማመን ለስላሳ ቀጭን ሽቦ ማሻገር ይሻላል። በዚያው በሌሎቹ ጎማዎች ላይ ቀጭን የፎስፈር ብሮንዝ ሽቦ እያስነካችሁ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ማንሻ ጨምሩ። ብዙ ጎማ ባነሳ ቁጥር ባቡሩ ቆሸሽ ባለ ሐዲድ ላይም ሳይቆም ያልፋል።

ሞተሩን አላቀቅን ብላችሁ ካመናችሁ በኋላ አትመኑ፣ ለኩ። መልቲሜትሩን በኦም አድርጉ። አንዱን ጫፍ ካርቦኑ ላይ፣ ሌላውን ሻሲው ላይ። ከዚያ ግራ ጎማ ላይ። ከዚያ ቀኝ ጎማ ላይ። ሁለተኛውን ካርቦንም እንዲሁ። ምንም ንባብ መኖር የለበትም። ይህንኑ ብሎኖቹ ሁሉ ከታሰሩና ቦዲው ከተገጠመ በኋላ ድገሙት። ይህን አጥብቄ የምነግራችሁ በምክንያት ነው። ክፍት ሆኖ የተለካ ሞተር ንጹሕ ይሆንና፣ ብሎኑ ሲጠብቅ ወደ ታች ተጭኖ ሻሲውን ይነካል። ሞተሩን የሚይዘው ብሎን አደጋ የሚፈጥር ከሆነ በናይለን ብሎን ቀይሩት።

ዲኮደር የምትገዙት አሁን ነው። የአምፔሩን ልክ ታውቃላችሁ፣ ያለውን ቦታም በሚሊሜትር ታውቃላችሁ። አዳዲስ ሎኮሞቲቮች የተዘጋጀ መሰኪያ አላቸው፣ ለምሳሌ ባለ 8 እግሩ። አሮጌው የለውም። ስለዚህ ሽቦ ያለው ዲኮደር ትመርጣላችሁ። የሽቦዎቹ ቀለም በደረጃው የተወሰነ ነው። ቀይ ከቀኝ ሐዲድ፣ ጥቁር ከግራ ሐዲድ ይመጣል። ብርቱካናማና ግራጫ ወደ ሞተሩ ይሄዳሉ። ነጭ የፊት መብራት፣ ቢጫ የኋላ መብራት ነው። ሰማያዊው የመብራቶቹ ሁሉ የጋራ ፖዘቲቭ ነው። ሰማያዊው ሻሲ እንዳይነካ።

መብራት ላይ ሁለት ነገር ልበል። የድሮዎቹ አምፖሎች አንድ እግራቸው ሻሲ ላይ ነው፣ እሱም መላቀቅ አለበት። ደግሞም በዲጂታል አምፖሉ ባቡሩ ቆሞም ሙሉ ቮልት ያገኛል። ስለዚህ ይግላል፣ አጠገቡ ያለውን ፕላስቲክ ያቀልጣል። በኤል ኢ ዲ ቀይሩትና 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አድርጉለት። ብርሃኑ ከበዛባችሁ ሬዚስተሩን ከፍ አድርጉ።

ሞተሩ ላይ ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ለቅጽበት የሚያጠራቅም ትንሽ ክፍል፣ ካለ አውጡት። የተደረገው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ረብሻ ለመቀነስ ነው። ዲኮደሩ የሞተሩን ፍጥነት የሚያነብበትን መንገድ ግን ያዛባል።

ሲበየድ ቀጭን ጫፍ፣ ቀጭን እርሳስ፣ አጭር ጊዜ። የሙቀት መሸፈኛ ቱቦውን ከመበየዳችሁ በፊት ሽቦው ላይ አስገቡ፤ በኋላ አይገባም። ዲኮደሩን በናስትሮ አትጠቅልሉት፣ መተንፈስ አለበት። ከሞተሩ ራቅ አድርጋችሁ ባለ ሁለት ገጽ ስፖንጅ ላይ አሳርፉት። ሽቦዎቹ ከሚዞር ነገር ጋር እንዳይገናኙ እሰሩ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ዋናው ሐዲድ አትሂዱ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ለዚህ የተሠራ ፕሮግራም ማድረጊያ ሐዲድ አለ። እዚያ የሚሰጠው ኃይል የተገደበ ነው፣ 250 ሚሊአምፔር አካባቢ። አንድ ሽቦ ተሳስቶ እንኳ ቢሆን ዲኮደሩ የመትረፍ ዕድል አለው። እዚያ አንድ ሲቪ አንብቡ። ሲቪ የዲኮደሩ ማስተካከያ ቁጥር ነው። ሲቪ 1 አድራሻው ነው፣ ከፋብሪካ ሲወጣ 3 ነው። ዲኮደሩ የሚመልሰው ሞተሩን ለ6 ሚሊሰከንድ ያህል በማነቃነቅ ነው፤ መቆጣጠሪያው የ60 ሚሊአምፔሩን ጭማሪ ያያል። ስለዚህ 3 የሚል መልስ ከመጣ ሐዲዱም፣ ዲኮደሩም፣ ሞተሩም ተገናኝተዋል ማለት ነው። መልስ ካልመጣ ወደ መልቲሜትሩ ተመለሱ። ሎኮሞቲቩን ዋናው ሐዲድ ላይ አድርጎ "እስቲ ልሞክረው" ማለት አያስፈልግም።

ዋናው ሐዲድ ላይ ወደፊት ስትሉት ወደ ኋላ ከሄደ አትደንግጡ። ብርቱካናማውንና ግራጫውን ማቀያየር ይቻላል፣ ወይም ሲቪ 29 ላይ 1 መደመር። ከዚያ አስተካክሉት። ሲቪ 2 መነሻ ቮልት ነው። ሲቪ 3 እና 4 መፍጠንንና ፍጥነት መቀነስን ያለሰልሳሉ። ሲቪ 5 ጣሪያውን ይወስናል፣ የድሮ ሎኮሞቲቮች ከልክ በላይ ስለሚፈጥኑ እሱን ዝቅ አድርጉት። ባለ 3 ዋልታ አሮጌ ሞተር በዝግታ ሲሄድ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ሞተሩን መልሶ የሚያነበውን ማስተካከያ ዝቅ አድርጉ። የዚያን ቁጥር እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ መንገድ ስለሚሰጠው መመሪያውን ማየት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ይኑራችሁ። ብዙ ሰው ዲኮደሩ በገባ ማግስት ሥራውን ጨረስኩ ብሎ ይተወዋል። የባቡሩ አካሄድ የሚያምረው ግን በዚህ ማስተካከያ ነው።

ሁሉም ሎኮሞቲቭ ይቀየር አልልም። ብርቅ የሆነ፣ ካርቶኑም መመሪያውም ያለው፣ ማንም ያልነካው ከሆነ ቆርጣችሁ አትሞርዱት። ወይም ኋላ መመለስ በሚቻል መንገድ ብቻ ሥሩት፣ የተነሳውን ክሊፕና ካፓሲተር በትንሽ ፌስታል አድርጋችሁ ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጡ። ሞተሩ የተቃጠለበት ከሆነ ደግሞ በአዲስ ዝግ ሞተር መተካት ከብዙ ጥገና ይቀላል፣ አምፔሩም ያንሳል።

ሁለት ጥያቄ ሁልጊዜ ስለሚነሳ አሁኑኑ ልመልስ። የመጀመሪያው "ሳይቀየር በዲጂታል ሐዲድ ላይ ማስኬድ አይቻልም ወይ?" የሚለው ነው። አንዳንድ መቆጣጠሪያዎች አድራሻ 0 ላይ "0" የሚለውን ምልክት አስረዝመው ተራ ሞተርን ያንቀሳቅሳሉ። ይቻላል፣ አልመክርም። ሞተሩ ቆሞም ይጮኻል፣ ይግላል። ብረት የሌለው እምብርት ያለው ሞተር ከሆነ ደግሞ በፍጥነት ይቃጠላል።

ሁለተኛው "የተቀየረው በድሮው ዲሲ ይሄዳል ወይ?" ነው። አብዛኛው ዲኮደር ይችላል፣ ሲቪ 29 ላይ የሚደመር 4 ነው የሚፈቅድለት። ባቡራችሁ የሚሄደው በዲጂታል ብቻ ከሆነ ግን አጥፉት። ከፋብሪካ 6 ከሆነ 2 አድርጉት። ሐዲዱ ላይ ሾርት ተፈጥሮ ምልክቱ ሲረበሽ፣ ያ ፈቃድ የበራለት ዲኮደር ዲሲ መጣ ብሎ ባቡሩን በሙሉ ፍጥነት ሊለቀው ይችላል።